መንገድ በሰንበት፦ የቦጎታ የእሑድ ብስክሌት ጉዞ ታሪክ

የከተሞችን ታሪክ የሚጽፉ ሊቃውንት መንገዱን ማን እንደ ጠረገው፣ ድልድዩን ማን እንዳሠራው፣ አስፋልቱም በየትኛው ሹም ዘመን እንደ ተነጠፈ አጥብቀው ይመረምራሉ፤ መንገዱ ከተሠራ በኋላ ግን ማን እንደ ሄደበትና ማን ጥግ ይዞ እንዲቆም እንደ ተገደደ የሚጠይቅ ጸሓፊ ጥቂት ነው። በደቡብ አሜሪካ የኮሎምቢያ ርእሰ ከተማ በሆነችው በቦጎታ ከኀምሳ ዓመት ወዲህ ተተክሎ የሚገኘው ልማድ፣ ይኸውም በየእሑዱና በየበዓሉ ታላላቁን ጎዳና ለመኪና ዘግቶ ለብስክሌትና ለእግረኛ የመስጠት ሥርዓት፣ ይህን የተረሳ ጥያቄ በአደባባይ ያነሣ ስለሆነ፣ ታሪኩን ከሥሩ ጀምሮ መተረክ የከተማ ኑሮ ለሚያሳስበው ሰው ሁሉ ጠቃሚ መስሎ ታይቶኛል።

ቦጎታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ያህል ከፍ ብላ፣ በአንዴስ ተራሮች መካከል በተዘረጋ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች የደጋ ከተማ ናት። በምሥራቅ በኩል የተራራ ሰንሰለት ይጋርዳታል፤ ከዚያም መካከል ሞንሴራቴ በተባለው ጫፍ ላይ፣ በ3,152 ሜትር ከፍታ፣ ነጭ ቤተ ክርስቲያን ተሠርቶ ምእመናን ስእለታቸውን ይዘው በእሑድ በእግራቸው ይወጡበታል። እንጦጦ ማርያምንና የራጉኤልን ደብር ከራስጌው አድርጎ ለሚኖረው ለአዲስ አበባ ሰው የዚያች ከተማ አቀማመጥ፣ የጧቱ ቍርና የከሰዓቱ ዝናም፣ አየሩም ስስ ከመሆኑ የተነሣ የእንግዳ ሰው ትንፋሽ ማጠሩ፣ ፈጽሞ ባዕድ ነገር አይሆንበትም። ይህን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ደጋ አገር ለብስክሌት አይመችም የሚለው ክርክር በእኛም ዘንድ ዘወትር የሚሰማ ነውና፣ የሜዳው ለጥ ማለት ቦጎታን እንዳገዛት ባይካድም፣ ከአዲስ አበባ ይልቅ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ የብስክሌት ከተማ ተብላ ለመጠራት መብቃቷ አስቀድሞ ሊታወቅ ይገባዋል።

ከሰሜን ወደ ደቡብ ከተማዪቱን ሰንጥቆ የሚያልፈው ጥንታዊ ጎዳና ካሬራ ሴፕቲማ ይባላል። የከተማዪቱ ታሪክ በሙሉ በዚህ ጎዳና ላይ አልፏል ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1884 እ.ኤ.አ. በበቅሎ የሚሳብ ትራም ከመካከለኛው አደባባይ ተነሥቶ ወደ ቻፒኔሮ መንደር መመላለስ በጀመረ ጊዜ፣ ከተማዪቱ ከጥንታዊው ሰፈሯ ወጥታ ወደ ሰሜን መዘርጋት ጀመረች። በየካቲት 1948 እ.ኤ.አ. የድኾች ጠበቃ ተብሎ የተወደደው ኾርኼ ኤሊዬሰር ጋይታን፣ በገጠር የሚፈሰው ደም እንዲቆም ለመለመን፣ እጅግ ብዙ ሕዝብ አስከትሎ ያለ ጩኸትና ያለ መፈክር በጸጥታ ሰልፍ ወደ ቦሊቫር አደባባይ ወጣ፤ ከሁለት ወር በኋላ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 1948 እ.ኤ.አ.፣ ይኸው ሰው ከጽሕፈት ቤቱ ሲወጣ በዚያው በሴፕቲማ ጎዳና ላይ በጥይት ተመትቶ ሞተ። ሕዝቡም በቍጣ ተነሥቶ ትራሞቹን አቃጠለ፣ የከተማዪቱም እምብርት በእሳት ጋየ፤ ከዚያ ወዲህ በአገሪቱ ገጠር የባሰው የእርስ በርስ እልቂት ብዙ መቶ ሺህ ገበሬ ከርስቱ ነቅሎ ወደ ከተማ አሰደደ። እነዚህ ስደተኞች በደቡብና በምዕራብ ዳርቻ ጎጆ ቀልሰው ሲሰፍሩ፣ ሀብታሙ ወደ ሰሜን እየራቀ ሄደ፤ እንዲህም ሆኖ አንዲቱ ከተማ በአንድ ስም የሚጠሩ፣ ነገር ግን የማይተዋወቁ ሁለት ከተሞች ሆነች።

የመጨረሻው ትራም ከሐዲዱ የወረደው በ1951 እ.ኤ.አ. ነበር፤ በዚያው ዓመትም ኮሎምቢያን በብስክሌት የሚዞረው ታላቅ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ተደረገ፣ ድሉም በቦጎታ አቅራቢያ ያለችው የዚፓኪራ ከተማ ልጅ ለሆነው ለኤፍራይን ፎሬሮ ሆነ። ጭቃና ገደል በበዛበት፣ ከፊሉም አስፋልት ባላየ መንገድ የተደረገውን ይህን ውድድር ሕዝቡ ራዲዮ ከብቦ ሲያዳምጥ፣ በጠብ የተከፋፈለ አገር ቢያንስ ለጥቂት ሳምንታት አንድ ወሬ ያወራ ነበር። ሆኖም ብስክሌት በተራራው ላይ የጀግና መጋለቢያ ሆኖ ሲከበር በከተማው ውስጥ ዳቦና ወተት የሚያመላልስ የድኻ ዕቃ ተብሎ ተናቀ፤ ሥልጣኔ ማለት አውቶሞቢል ነው የሚለው እምነትም በዚያ ዘመን በዓለም ሁሉ እንደ ነገሠ በቦጎታም ነገሠ። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የከተማዪቱ መሐንዲሶች ሰፋፊ ጎዳናዎችን ሲዘረጉ፣ አብዛኛው ነዋሪ መኪና የሌለው መሆኑን እያወቁ መንገዱን ለመኪና ብቻ ቀየሱት፤ ድኻው ከሚከፍለው ግብር የተሠራው ጎዳና ድኻውን ለመሻገር እንኳ የሚያስፈራው ሆነ። ይህ በደል በቦጎታ ብቻ የተደረገ ስላልሆነ ማንም ከተማ ሌላውን ሊወቅስበት አይችልም።

በዚህ መካከል መላውን ዓለም ያናወጠ ነገር መጣ። በ1973 እ.ኤ.አ. በመጸው ወራት የዐረብ መንግሥታት ነዳጅ በከለከሉ ጊዜ፣ የኔዘርላንድ መንግሥት በእሑድ ቀን መኪና እንዳይነዳ ዐዋጅ አወጣ፤ የመጀመሪያውም እሑድ ኅዳር 4 ቀን 1973 እ.ኤ.አ. ዋለ። ሆላንዳውያን ከዚያ አስቀድሞ በስዊዝ ቦይ ጠብ ምክንያት በ1956 መጨረሻ እንዲህ ያለ እሑድ አይተው ነበርና ነገሩ አላስደነገጣቸውም፤ ሕፃናትና ሽማግሎች በብስክሌት፣ አንዳንዱም በፈረስ፣ መኪና ብቻ ይበርበት በነበረው በዋናው አውራ ጎዳና ላይ ወጥተው ዋሉ። ቤልጅግ፣ ጀርመንና ስዊስም ተከተሉ። ለቍጠባ የታወጀ ሕግ ለብዙ ሰው የደስታ ቀን ሆኖ መታሰቡ ትልቅ ትምህርት ነበረው፤ ነገር ግን ነዳጁ ሲመለስ መኪናውም ተመለሰና፣ በችግር የተገኘው ሰንበት ከችግሩ ጋር አለፈ።

ያ የነዳጅ ማዕበል በእኛ አገር ያመጣውን ደግሞ አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል። የቤንዚን ዋጋ በመወደዱ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. አድማ መትተው መኪናቸውን አቆሙ፤ መምህራንና ተማሪዎች ተጨመሩበት፤ ከዚያ የተነሣው ንቅናቄም ለወራት ገፍቶ በመስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው እስከ መውረድ አደረሰ። አንዱ ምክንያት በአምስተርዳም ጎዳና ላይ የሕፃን ብስክሌት፣ በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ የአብዮት ሰልፍ ማውጣቱን ስናይ፣ የከተማ መንገድ የአንድ አገር ሁኔታ ከሁሉ አስቀድሞ የሚገለጥበት ቦታ መሆኑን ለመረዳት እንችላለን።

በኮሎምቢያ ግን ነገሩ ከዐዋጅ አልጀመረም። በአሜሪካ አገር የሕንፃ ጥበብ ተምሮ የተመለሰ ኻይሜ ኦርቲስ ማሪኞ የተባለ ወጣትና ባልንጀሮቹ ፕሮ ሲክላ የተባለ ማኅበር አቁመው ነበር። እነዚህ ወጣቶች በአሜሪካ የጥቁሮችን የመብት ትግልና የወጣቱን ንቅናቄ የተመለከተው ትውልድ አካል ነበሩና፣ ብስክሌትን ከስፖርት ዕቃነት አልፈው የዜግነት ጥያቄ አድርገው አዩት። የኒውዮርክ ከንቲባ ጆን ሊንዚ በ1966 እ.ኤ.አ. በሴንትራል ፓርክ ውስጥ የሚያልፉትን መንገዶች በእሑድ ለመኪና መዝጋት ጀምረው ስለ ነበር የመንገድ መዝጋት ሐሳብ ራሱ በዓለም ላይ አዲስ አልነበረም፤ የፕሮ ሲክላ ሰዎች ድፍረት ግን መናፈሻውን ትተው የከተማውን ዋና ደም ሥር መጠየቃቸው ነው።

ከሹማምንቱ ፈቃድ አግኝተው፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 1974 እ.ኤ.አ.፣ ይኸውም በእኛ ታኅሣሥ 6 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የሴፕቲማንና የአሥራ ሦስተኛውን ጎዳና ለሦስት ሰዓት ያህል አስዘግተው ሕዝቡን በብስክሌት ጠሩት። ስሙንም ታላቁ የፔዳል ሰልፍ አሉት። ቀኑ በገና መቃረቢያ ስለ ነበረ ጥቂት መቶ ሰው ይመጣል ተብሎ ቢገመት የሚያስደንቅ አልነበረም፤ የመጣው ግን አምስት ሺህ ያህል ሕዝብ ነው። አባት ልጁን ከፊት ብረቱ ላይ አስቀምጦ፣ ሠራተኛው በሥራ ብስክሌቱ፣ ተማሪው ከጎረቤት በተዋሰው፣ ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት የጋይታን ደም በፈሰሰበት ጎዳና ላይ ሕዝቡ መሣሪያም መፈክርም ሳይዝ ተንሸራሸረ። በዚያው በታኅሣሥ ወር የእኛ ወጣቶች ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደየገጠሩ ለመውጣት ስንቅ ይቋጥሩ ነበር፤ ሁለቱ ትውልዶች ስለማይተዋወቁ አንዱ ሌላውን ሊያይ አልቻለም እንጂ ያስጨነቃቸው ጥያቄ ብዙ የተራራቀ አልነበረም።

ሰልፍ ግን ልማድ አይደለም፤ በማግስቱ ሊረሳ ይችላልና። ነገሩን ከመረሳት ያዳነው በ1976 እ.ኤ.አ. ከንቲባው ሉዊስ ፕሪዬቶ ኦካምፖ 566 እና 567 ቍጥር በተሰጣቸው ደንቦች ሲክሎቪያ የተባለውን ሥርዓት በይፋ ማቋቋማቸው ነው። እንዲያም ሆኖ ለጊዜው መንገዱ አጭር፣ ቀኑም የማይጸና ሆኖ ቆየ፤ በ1982 እ.ኤ.አ. ከንቲባነቱን የያዙት አውጉስቶ ራሚሬስ ኦካምፖ ግን ነገሩን ከልባቸው ስለ ወደዱት፣ መስመሩን ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ አስረዝመው በየእሑዱ የሚዘጋ እንዲሆን አደረጉ። ሹም ሲለወጥ ሥራ የሚረሳበት ልማድ በዚያም አገር ያለ ነውና፣ ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ችላ አሉት፤ መንገዱ እያጠረ፣ ጠባቂው እየሳሳ፣ ሕዝቡም እየተወው ሄደ። አሥር ዓመት ያህል የወሰደው ይህ ድካም ከታሪኩ ሁሉ ይልቅ ሊጠና የሚገባው ክፍል ይመስለኛል፤ ደንቡ አልተሻረም፣ ሥርዓቱን በአደባባይ የተቃወመውም ብዙ አልነበረም፤ የጐደለው በየሳምንቱ ማልዶ ተነሥቶ መንገዱን የሚዘጋ ሰው ብቻ ነበር።

ከዚህ ድካም ያስነሣው በ1995 እ.ኤ.አ. የተደረገው ለውጥ ነው። የሒሳብና የፍልስፍና ሊቅ የነበሩት ከንቲባ አንታናስ ሞኩስ፣ የከተማ ሕዝብ በቅጣት ብቻ ሳይሆን በግብረ ገብ ትምህርትም ይታነጻል የሚል ጽኑ እምነት ነበራቸው፤ ሥራውም ከትራፊክ ሹሞች እጅ ወጥቶ መዝናኛንና ስፖርትን ለሚመራው የከተማው መሥሪያ ቤት ተሰጠ። የመኪና ፍሰት የሚጠብቅ ሹም መንገድ መዝጋትን እንደ ጉዳት ሊቈጥረው ግድ ነው፤ የሕዝብ ጤናና ደስታ የተሰጠው ሹም ግን ያንኑ እንደ ግዳጁ ያየዋል፤ ስለዚህ ይህ የአስተዳደር ለውጥ ከደንቡ የማይተናነስ ነገር ነበር። በዚያን ጊዜ መሥሪያ ቤቱን ይመሩ የነበሩት ጊዬርሞ ፔኛሎሳ መስመሩን በጥቂት ዓመት ውስጥ ብዙ እጥፍ አሳደጉት፤ በ1998 ከንቲባ የሆኑት ወንድማቸው ኤንሪኬ ፔኛሎሳም ቀጠሉበትና፣ ዘመኑ ሲያልቅ የእሑዱ መንገድ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ ተገኘ። ኤንሪኬ ፔኛሎሳ በዚህ ሳይወሰኑ የካቲት 24 ቀን 2000 እ.ኤ.አ. በሥራ ቀን፣ በሐሙስ፣ ከተማዪቱ በሙሉ ያለ ግል መኪና እንድትውል አደረጉ፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይም ሕዝቡ በድምፅ ውሳኔ ቀኑ በየዓመቱ እንዲደገም አጸና።

ዛሬ መስመሩ ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በየእሑዱና በየበዓሉ፣ በእኛ ሰዓት ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ይዘጋል፤ በመልካም አየር የሚወጣውም ሕዝብ ከአንድ ሚሊዮን እንደሚበልጥ የከተማው አስተዳደር ይናገራል። አሠራሩ ሲታይ ቀላል ነው፤ ጥበቡ ያለው በትጋቱ ላይ ነው። ብዙዎቹ ታላላቅ ጎዳናዎች በመካከላቸው ደሴት ያለባቸው ባለ ሁለት ክንፍ ስለሆኑ አንዱ ክንፍ ለብስክሌት ሲሰጥ መኪናው በሌላው ክንፍ ወዲያና ወዲህ ይተላለፋል፤ ስለዚህ ከተማዪቱ አትታሰርም። በመስቀለኛው መንገድ ሁሉ ደንብ ልብስ የለበሱ የመንገዱ ጠባቂዎች ቆመው ለብስክሌተኛውና ለመኪናው ተራ ይሰጣሉ፤ ሌሎቹ በብስክሌት እየዞሩ የወደቀ ያነሣሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ፣ የጠፋ ሕፃን ለወላጁ ያደርሳሉ። ከጠባቂዎቹ ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም የማኅበራዊ አገልግሎት ግዴታቸውን በዚህ ሥራ የሚፈጽሙበት ሥርዓት አለ። ጎማ የፈነዳበት ጎሚስታ ዳር ላይ ያገኛል፤ የጠማው የብርቱካን ጭማቂ፣ የራበው የተቈረጠ ማንጎና ፓፓያ ይገዛል። ከ1995 ጀምሮ ደግሞ በየመናፈሻው መምህር መድረክ ላይ ቆሞ ሕዝቡን በሙዚቃ የአካል እንቅስቃሴ ያሠራል፤ በዚያ ያሉ ዕድሜ የጠገቡ ሽማግሎችና ባልቴቶች ከወጣቱ ጋር እኩል እጃቸውን ሲያነሡ የተመለከተ ሰው፣ ይህ ሥርዓት ለብስክሌተኛው ብቻ እንዳልተሠራ ይገባዋል።

መሳተፍም ከሰው የሚጠይቀው ነገር የለም። ምዝገባ፣ ክፍያ፣ በደረት ላይ የሚለጠፍ ቍጥር፣ ተኩሶ የሚያስነሣ ዳኛ፣ መጀመሪያና መጨረሻ የሚባል መስመር የለበትም፤ ሰው ከቤቱ ደጅ ወጥቶ በሚቀርበው ጎዳና ይገባል፣ በወደደው ይወጣል። ፈጣኑ ግራውን ይዞ ያልፋል፤ ሕፃን ያለው በቀኝ በኩል ቀስ ይላል፤ ጫማ ላይ መንኰራኵር ያሰረው፣ ውሻውን የሚያናፍሰው፣ እናቱን በተሽከርካሪ ወንበር የሚገፋው ሁሉ በዚያው ይሄዳል። በቦጎታ የመኖሪያ ቤቶች የውሃና የመብራት ዋጋ ለመተመን ከ1 እስከ 6 በተቈጠሩ ደረጃዎች የተከፈሉ ናቸውና፣ የሰው ማዕርግ ከቤቱ ቍጥር በሚታወቅባት በዚያች ከተማ፣ የስድስተኛው ደረጃ ሰው ከአንደኛው ደረጃ ሰው ጋር ጐን ለጐን፣ በአንድ ፍጥነት፣ ላቡ እየፈሰሰ የሚሄድበት ቦታ ከዚህ በቀር ብዙ አይገኝም። የእሑዱ ጎዳና ድህነትን አያጠፋም፤ ሀብታሙና ድኻው ግን ቢያንስ ፊት ለፊት ይተያዩበታል፤ ለብዙ ዘመን በተለያዩ ሁለት ከተሞች ለኖሩ ሰዎች ይህ ታናሽ ነገር አይደለም። በጤናም በኩል ቢሆን፣ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ሥርዓቱ በዓመት ለአንድ ተሳታፊ 6 የአሜሪካ ዶላር ያህል እንደሚፈጅ፣ ለወጣው እያንዳንዱም ዶላር ከሦስት ዶላር በላይ የሕክምና ወጪ እንደሚያስቀር አስልቶ አሳይቷል።

ሕዝቡ ሥርዓቱን የራሱ ማድረጉ የታወቀው ግን በተነካበት ጊዜ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. አንድ የምክር ቤት አባል መንገድ መዝጋቱ የመኪና መጨናነቅ ያመጣል ብለው የሚከለክል የሕግ ረቂቅ ባቀረቡ ጊዜ፣ ብስክሌተኛው ሁሉ ተቃውሞውን አሰማ፤ የቀድሞ ከንቲባዎችም፣ በሌላው የፖለቲካ ነገር የማይስማሙት ሳይቀሩ፣ በዚህ ጉዳይ አንድ ቃል ተናገሩ፤ ረቂቁም ወደቀ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ልማዱ ሲሟሽሽ አንድም ሰው ያልጮኸለት፣ በ2007 ግን ከተማ ሙሉ የተነሣለት፣ በመካከሉ ባለፉት ዓመታት ሳምንት ሳይጓደል ስለ ተደገመ ነው።

በሌሎች አገሮችም በተዘጋ መንገድ ላይ የሚደረግ ታላቅ የብስክሌት ጉዞ አለ። በኒውዮርክ በ1977 እ.ኤ.አ. 250 ያህል ሰዎች ጀምረውት ዛሬ 32,000 ያህል ሕዝብ የሚወጣበት፣ አምስቱንም የከተማዪቱን ክፍለ ከተሞች በ64 ኪሎ ሜትር የሚያዳርስ ጉዞ በየዓመቱ በግንቦት ወር ይደረጋል፤ ለመኪና ብቻ የተሠራውን የቬራዛኖን ረጅም ድልድይ በብስክሌት መሻገር ለተሳታፊው የዓመት ትዝታ ነው። በካናዳ በሞንትሪያል በ1985 በዝናምና በብርድ 3,500 ሰዎች የጀመሩት የደሴቲቱ ዑደትም እንዲሁ ትልቅ በዓል ሆኗል። ለእነዚህ ያለኝ አክብሮት ከፍ ያለ ነው፤ ነገር ግን በዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣ ነገር የቱንም ያህል ቢደምቅ በዓል ነው፣ የከተማውን ሰው ጠባይና የአስተዳዳሪውን አሳብ የሚለውጠው ግን በየሳምንቱ የሚደገመው ነው። የሴንትራል ፓርክ መንገዶች በእሑድ መዘጋት ከጀመሩ ከ52 ዓመት በኋላ፣ በ2018 እ.ኤ.አ.፣ ለመኪና ፈጽመው መዘጋታቸው ለዚህ ምስክር ነው።

በኢትዮጵያ መንገድን ለሕዝብ መልቀቅ ከውጭ የመጣ ትምህርት አይደለም። በጥር 10 ታቦታቱ ከየደብራቸው ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ፣ ካህናቱ በማኅሌት፣ ወጣቶቹ ምንጣፍ እያነጠፉና እየጠቀለሉ፣ ምእመናኑ በነጭ ልብስ ጎዳናውን ሲሞሉት፣ መኪናው ያለ ክርክር ጥግ ይዞ ይቆማል። በስፖርቱም በኩል ኅዳር 16 ቀን 1994 ዓ.ም. 10,000 ሰው የሮጠበት ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ የአዲስ አበባ አስፋልት ለአንድ ጧት የእግረኛ ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል። ብስክሌትም ቢሆን ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትሰለፍ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞቿን ልካለች፤ ባሕር ዳርም እስከ ዛሬ በብስክሌቷ የምትታወቅ ከተማ ናት።

ስለዚህ ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በእሑድ ቀን፣ በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች መንገድ ለሰው በሚል ስም ጎዳናዎች ለመኪና ተዘግተው ሕዝቡ በእግር፣ በሩጫ፣ በብስክሌትና በኳስ ጨዋታ ሲወጣባቸው፣ ነገሩ ከቦጎታ ልማድ ጋር ዝምድና ቢኖረውም ከራሳችን ትውፊት ጋርም የተስማማ ነበር። መስቀል አደባባይ ላይ ልጆች ያለ ሥጋት ሲሯሯጡ የዋሉባቸው እነዚያ እሑዶች ብዙ ወላጅን ደስ አሰኝተዋል። በሩዋንዳ ርእሰ ከተማ በኪጋሊ በ2016 እ.ኤ.አ. በወር አንድ ጊዜ የተጀመረው ተመሳሳይ ቀን በኋላ በወር ሁለት ጊዜ ሲሆን፣ የእኛው በወሩ የመጨረሻ እሑድ እንዲውል የታሰበ ነበር። በወር አንድ ጊዜ የሚመጣ ቀን ግን ለመዘንጋት ቅርብ ነው፤ ሰው ዛሬ ነው ወይስ በሚቀጥለው ሳምንት እያለ ከቤቱ ይውላል፤ ሹሙም አንድ ወር ቢያስታጕል የሚጠይቀው የለም። በእሑድ ቅዳሴ አለ፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ሰው ይጉላላል የሚለው ሥጋትም ሊሰማ የሚገባው ነው፤ ይሁን እንጂ አብዛኛው ምእመን ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ደብሩ የሚሄደው በእግሩ ነውና፣ ከሁለቱ ክንፍ አንዱ ብቻ ሲዘጋ የደከሙ አረጋውያን በመኪና የሚደርሱበት መንገድ ይቀርላቸዋል። ቦጎታም የሰንበት ቅዳሴዋን የማታስታጕል የካቶሊክ ከተማ ናት።

ባለፉት ዓመታት በኮሪደር ሥራ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ዳር የብስክሌት መንገድ መሠራቱ የሚመሰገን ነው፤ መንገዱ ግን የሚሄድበት ሕዝብ ያስፈልገዋል፤ በብስክሌት መሄድን ያልለመደ ሰው በሥራ ቀን ከአንበሳ አውቶቡስና ከሚኒባስ ጋር ተጋፍቶ ሊለምደው አይችልምና፣ የሚለምድበት ጸጥ ያለ ቀን ሊሰጠው ይገባል። የከተማው ምክር ቤት አንድ ባለ ሁለት ክንፍ ጎዳና ይምረጥ፤ በየእሑዱ ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት አንዱ ክንፍ እንዲዘጋ በደንብ ያጽና፤ ሥራውን ለትራፊክ መሥሪያ ቤት ብቻ ሳይተው ጤናንና ስፖርትን ለሚመራው ክፍል ያስረክብ፤ በየመስቀለኛው መንገድ የሚቆሙ ወጣቶችን ቀጥሮ የደንብ ልብስ ያልብሳቸው። ዝናምም ቢዘንብ፣ ሹምም ቢለወጥ፣ አንድ እሑድ አያጓድል። አንባቢም ይህ በተደረገ ጊዜ ብስክሌት ያለው በብስክሌቱ፣ የሌለው በእግሩ፣ ልጁን ይዞ ይውጣ።